ከጠርሙሱ ስም በስተጀርባ ያለው ማሳ
የጣሊያንን ቀይ ወይን ጠጆች ለመቅመስ ከመጓዝ በፊት ማወቅ የሚገባን

ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንደኛው ላይ «ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ»፣ በሌላኛው ላይ ደግሞ «ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ» የሚል ተጽፏል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም የጣሊያን ናቸው፤ ሁለቱም «ሞንቴፑልቻኖ» የሚለውን ስም ይዘዋል። ለቅምሻ ጉብኝት ወደ ጣሊያን ያቀና እንግዳ ሁለቱን የአንድ ቤት ልጆች አድርጎ ቢወስዳቸው አይፈረድበትም።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ያለው ሞንቴፑልቻኖ በቶስካና ክልል በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስም ነው። ወይን ጠጁም በአብዛኛው የሚጠመቀው ሳንጆቬዜ ከተባለ የወይን ዝርያ ነው። በሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ያለው ሞንቴፑልቻኖ ግን ራሱ የወይን ዝርያ ስም ሲሆን፣ የሚመረተውም በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በሚገኘው በአብሩዞ ክልል ነው። አንዱ የአገር ስም፣ ሌላው የተክል ስም መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ጎብኚ የጣሊያንን ቀይ ወይን ጠጅ ለመረዳት ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

በዛሬው የግብርና ዓምዳችን የምናስቃኛችሁ ይህንኑ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ለጎብኚ መንገድ የሚያሳይ ቢሆንም፣ ለአርሶ አደሩና ለግብርና ባለሙያውም የሚነግረው ቁም ነገር አለው። ምክንያቱም የጣሊያን ወይን አምራቾች ስማቸውን ያስከበሩት ብዙ በማምረት ሳይሆን፣ ስንት ኩንታል እንዲያመርቱ ራሳቸው ባወጡት ገደብ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የመሬቱ ነው

በብዙ አገሮች የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የዝርያው ስም ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እየተባለ። በጣሊያን ግን በታወቁት ቀይ ወይን ጠጆች ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የቦታው ስም ነው። ባሮሎ የመንደር ስም ነው፤ ባርባሬስኮም እንዲሁ። ኪያንቲ የኮረብታማ አገር ስም ነው። ታውራዚ በደቡብ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ከየትኛው ዝርያ እንደተጠመቀ በጠርሙሱ ላይ ላይጻፍ ይችላል፤ ሕጉ ስለሚያውቀው ጠጪውም ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባልና።

ይህን ሥርዓት የሚያስተዳድረው መሠረታዊ ሕግ የወጣው በ1963 ነው። በሕጉ መሠረት በአንድ ቦታ ስም ለመሸጥ የሚፈልግ አምራች የዚያን ስም ደንብ ማክበር አለበት። ደንቡ የማሳውን ወሰን፣ የዝርያውን ዓይነት፣ በሄክታር የሚፈቀደውን ከፍተኛ ምርት፣ ወይን ጠጁ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የሚቆይበትን ጊዜ፣ ዝቅተኛውን የአልኮል መጠን ሳይቀር ይወስናል።

ደረጃዎቹም በጠርሙሱ ላይ በፊደል ምልክት ይጻፋሉ። «ዲ.ኦ.ሲ.» የሚለው የቦታ ስሙ በደንብ የተጠበቀ መሆኑን ያመለክታል። «ዲ.ኦ.ሲ.ጂ.» የሚለው ከዚያ የጠበቀ ቁጥጥር የሚደረግበት ሲሆን፣ በጠርሙሱ አንገት ላይ የመንግሥት ተከታታይ ቁጥር ያለው የወረቀት ማኅተም ይለጠፍበታል። በ1992 በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ «አይ.ጂ.ቲ.» የተባለ ላላ ያለ ደረጃ ተጨምሯል፤ እርሱም ሰፋ ያለ አካባቢን ብቻ የሚያመለክትና አምራቹ ዝርያዎችን እንደ ፍላጎቱ እንዲያቀላቅል የሚፈቅድ ነው።

እዚህ ላይ ጎብኚው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የደረጃው ምልክት ወይን ጠጁ ከየት እንደመጣና በምን ደንብ እንደተሠራ ይናገራል እንጂ «ይህ ከዚያ ይጣፍጣል» ብሎ አይፈርድም። በቶስካና ባሕር ዳር በቦልጌሪ የሚጠመቀው «ሳሲካያ» ከካበርኔ ዝርያ የሚሠራ በመሆኑ በጊዜው ከነበረው ደንብ ውጭ ሆኖ ለዓመታት በተራ የገበታ ወይን ጠጅ ስም ይሸጥ ነበር፤ ዋጋውና ዝናው ግን ደረጃ ከተሰጣቸው ከብዙዎቹ በላይ ነበር።

ፒዬሞንቴ፦ ጭጋግና ትዕግሥት

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ የሚገኘው የፒዬሞንቴ ክልል የኔቢዮሎ ዝርያ አገር ነው። ስሙ በጣሊያንኛ ጭጋግ ማለት ከሆነው «ኔቢያ» ከሚለው ቃል እንደመጣ በብዛት ይነገራል። የላንጌ ኮረብቶች በመኸር ወቅት ጠዋት ጠዋት በጭጋግ ይሸፈናሉና። ኔቢዮሎ በጸደይ ቀድሞ የሚያቆጠቁጥ፣ በመኸር ግን ዘግይቶ የሚበስል ዝርያ ነው። ስለዚህም አርሶ አደሩ በሁለት በኩል ይሰጋል፤ በጸደይ ውርጭ፣ በመኸር ዝናብ። ለዚህም ነው ከኮረብታው ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ወደ ደቡብ ያዘነበለው ፊት ለኔቢዮሎ የሚሰጠው።

ባሮሎ የሚጠመቀው ከኔቢዮሎ ብቻ ነው። ወይኑ የሚለማውም በኩኔዮ አውራጃ በሚገኙ 11 የአካባቢ አስተዳደሮች ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። በደንቡ መሠረት ባሮሎ ከ38 ወራት በታች ቆይቶ ለገበያ አይቀርብም፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 18ቱን ወራት በእንጨት በርሜል ማሳለፍ አለበት። «ሪዜርቫ» የተባለው ደግሞ 62 ወራት ይቆያል። ጎረቤቱ ባርባሬስኮም ከዚሁ ዝርያ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚጠበቅበት ጊዜ 26 ወር ነው። የባሮሎ አርሶ አደር የዘንድሮውን ምርት ገንዘብ አድርጎ ለማየት ከሦስት ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ባሮሎ የቀመሰ ሰው ሁለት ነገር ያስገርመዋል። አንደኛው መልኩ ነው። ጠንካራ ወይን ጠጅ ጥቁር ቀይ መሆን አለበት ብሎ ለሚያስብ ሰው የባሮሎ ፈዘዝ ያለ ቀይ መልክ ያታልላል። ሁለተኛው ታኒን የተባለው ነገር ነው። ታኒን ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚገኝ ሲሆን፣ ያልበሰለ ሙዝ ወይም እጅግ የከረረ ሻይ እንደሚያደርገው አፍን ያደርቃል፤ ድድን ይይዛል። ጎብኚው ይህን ጉድለት አድርጎ እንዳይወስደው ያስፈልጋል። ወይን ጠጁን ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ የሚያቆየው ይኸው ታኒንና ኮምጣጣነቱ ነው። የአካባቢው ሰው ባሮሎን ከሰባ የበሬ ሥጋ ወጥ ጋር የሚያቀርበውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥጋውና ስቡ የታኒኑን ክርረት ያለዝቡታል።

ከኔቢዮሎ ጎን ሁለት የዕለት ተዕለት ወይኖች አሉ። ዶልቼቶ ስሙ «ጣፋጭዋ» የሚል ትርጉም ቢኖረውም የሚጠመቀው ስኳር የሌለው ወይን ጠጅ ነው፤ በወጣትነቱ ይጠጣል። ባርቤራ ደግሞ ታኒኑ ትንሽ፣ ኮምጣጣነቱ ከፍተኛ የሆነ የአርሶ አደሩ የገበታ ወይን ጠጅ ነው። የፒዬሞንቴን ታሪክ ለመረዳት ደግሞ ይህን የባርቤራን ስም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስም የጠፋበት ዓመት

በ1986 መጋቢት ወር በሰሜን ጣሊያን ሰዎች ወይን ጠጅ ጠጥተው መታመምና መሞት ጀመሩ። ምርመራው ሲደረግ በርካሽ ዋጋ በሚሸጥ ወይን ጠጅ ውስጥ ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል ተጨምሮ ተገኘ። ዓላማው ደካማውን ወይን ጠጅ በትንሽ ወጪ ጠንካራ ማስመሰል ነበር። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎች ዓይናቸው ጠፋ። ሰው ከገደሉት ጠርሙሶች መካከል በ«ባርቤራ» ስም የተሸጡ ይገኙበታል።

ወንጀሉን የፈጸሙት ጥቂት ነጋዴዎች ቢሆኑም ዕዳው የወደቀው በሁሉም ላይ ነበር። ገዢ አገሮች የጣሊያንን ወይን ጠጅ በወደብ ላይ አገዱ፤ የውጭ ሽያጩም በከፍተኛ መጠን አሽቆለቆለ። በማሳው ላይ አንዳችም ጥፋት ያልሠራው አርሶ አደር የምርቱን ስም በጋዜጣ ከሞት ዜና ጋር አብሮ አነበበው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን በጥቂቶች አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ጃኮሞ ቦሎኛ የተባለው የአስቲ አካባቢ አምራች ከ1982 ምርት ባርቤራን በጥንቃቄ መርጦና በትናንሽ የኦክ በርሜሎች አቆይቶ «ብሪኮ ዴልኡቼሎኔ» የተሰኘ ወይን ጠጅ አወጣ፤ የተናቀው የገበታ ወይን ጠጅም ከታላላቆቹ ጎን ሊቆም እንደሚችል አሳየ። በባሮሎ ደግሞ ኤሊዮ አልታሬን የመሰሉ ወጣቶች በበጋ ወራት ያልበሰለውን ዘለላ ከተክሉ ላይ ቆርጠው መጣል ጀመሩ፤ የቀረው ዘለላ የተክሉን ጉልበት ሁሉ እንዲያገኝ በማሰብ።

በድህነትና በረሃብ ዘመን ላደጉት አባቶች ይህ የማይታሰብ ነገር ነበር። ፍሬን ቆርጦ መሬት ላይ መጣል ከኃጢአት የሚቆጠር ነው። አልታሬ የአባቱን አሮጌ ትላልቅ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራርጦ በትናንሽ በርሜሎች ሲተካ፣ አባትየው ከውርስ ነቀሉት። ይህ ታሪክ በላንጌ ኮረብቶች እስከ ዛሬ ይነገራል። የትናንሽና የትላልቅ በርሜሎች ክርክር አሁንም አልተዘጋም፤ ብዙዎች ወደ ትላልቆቹ ተመልሰዋል። ምርትን በማሳ ላይ መቀነስ ግን የጋራ እምነት ሆኖ ቀርቷል።

ደንቡም ይህንኑ ያጠናክራል። የባሮሎ አምራች ከአንድ ሄክታር ከ80 ኩንታል በላይ ወይን መሰብሰብ አይፈቀድለትም። ለእኛ አርሶ አደር በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል ማሳደግ የዘወትር ጭንቀቱ ነው። የባሮሎው አርሶ አደር ጭንቀት ግን ከተፈቀደለት እንዳያልፍ ነው፤ ካለፈ ስሙን ያጣልና። በ2014 የላንጌ-ሮኤሮና የሞንፌራቶ የወይን መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የተመዘገበው የእነዚሁ አርሶ አደሮች የትውልድ ድካም ጭምር ነው።

ቶስካና፦ ዶሮውና ድንበሩ

የቶስካና ቀይ ወይን ጠጅ ሁሉ መነሻው ሳንጆቬዜ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። መልኩ መካከለኛ ቀይ፣ ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ፣ መዓዛው የቼሪ ፍሬ የሚያስታውስ ዝርያ ነው።

የኪያንቲ ስም ጥበቃ ረጅም ታሪክ አለው። የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮዚሞ ሳልሳዊ በ1716 ባወጡት አዋጅ ኪያንቲን ጨምሮ የአራት ወይን አምራች አካባቢዎችን ወሰን ለይተው አስቀመጡ። በ1924 ደግሞ 33 አምራቾች ስማቸውን በጋራ ለመከላከል ማኅበር መሠረቱ። ይሁን እንጂ በ1932 መንግሥት «ኪያንቲ» የሚለው ስም ከጥንቱ ወሰን ውጭ ባሉ ሰፋፊ የቶስካና አካባቢዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የጥንቱ አገር ወይን ጠጅ «ኪያንቲ ክላሲኮ» የሚል መለያ ያገኘውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጎብኚው «ኪያንቲ» እና «ኪያንቲ ክላሲኮ» ሁለት የተለያዩ ደንቦች መሆናቸውን ያስተውል።

ኪያንቲ ክላሲኮ በጠርሙሱ ላይ ባለው የጥቁር አውራ ዶሮ ምስል ይታወቃል። ስለ ዶሮው አንድ አፈ ታሪክ ይነገራል። ፍሎረንስና ሲዬና በድንበር ሲጣሉ ኖረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ዶሮ ሲጮህ ከሁለቱም ከተሞች አንድ አንድ ፈረሰኛ ይነሣ፣ የሚገናኙበትም ስፍራ ድንበር ይሁን ብለው። ሲዬናዎች ነጭ ዶሮ መርጠው በደንብ አበሉት። ፍሎረንሶች ግን ጥቁር ዶሮ አስርበው አሳደሩት። የተራበው ዶሮ ገና ሳይነጋ ጮኸ፤ የፍሎረንሱ ፈረሰኛም ቀድሞ ተነሥቶ አብዛኛውን አገር ለከተማው አስገባ ይባላል።

ዛሬ ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ መሆን አለበት፤ ከሄክታር የሚፈቀደውም 75 ኩንታል ብቻ ነው። ቀድሞ በደንቡ ይጨመር የነበረው ነጭ ወይን ከ2006 ምርት ጀምሮ ተከልክሏል። ተራው ለ12 ወራት፣ «ሪዜርቫ» ለ24፣ «ግራን ሴሌሲዮኔ» ደግሞ ለ30 ወራት ይቆያል።

ከሲዬና በስተደቡብ በሞንታልቺኖ የሚጠመቀው ብሩኔሎ ከሳንጆቬዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንጨት ውስጥ ቆይቶ፣ ከተሰበሰበበት ዓመት በኋላ ባለው በአምስተኛው ዓመት ለገበያ ይቀርባል። የብሩኔሎ ስም በ2008 ተፈትኗል። አንዳንድ አምራቾች በድብቅ ሌላ ዝርያ ቀላቅለዋል በሚል ጥርጣሬ ዓቃቤ ሕግ ምርመራ ከፈተ፤ አሜሪካም ለምታስገባው ብሩኔሎ ማረጋገጫ ጠየቀች። ያን ጊዜ «ደንቡን ላላ እናድርገውና ትንሽ ሜርሎ ወይም ካበርኔ ይፈቀድ፤ ለውጭ ገበያም ይስማማል» የሚል ሐሳብ ይሰማ ነበር። አምራቾቹ በጥቅምት 2008 ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ። በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ የወሰኑትም ብሩኔሎ እንደ ጥንቱ ከሳንጆቬዜ ብቻ እንዲጠመቅ ነው።

ኪሱ ውስን የሆነ ጎብኚ በሞንታልቺኖ «ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖ» የተባለውን ቢጠይቅ አያፍርም። ከዚያው አገርና ከዚያው ዝርያ የሚሠራ፣ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ የሚሸጥ ታናሽ ወንድም ነው።

ቬኔቶ፦ ወይን የሚደርቅበት ሰገነት

በቬሮና አጠገብ ባለው የቫልፖሊቼላ ኮረብታ ደግሞ ሥራው ከማሳው ወደ ሰገነቱ ይዛወራል። ኮርቪናና ሮንዲኔላ የተባሉት ዝርያዎች በመኸር ተሰብስበው አየር በሚያገኝ ሰገነት ውስጥ በቀርከሃ ወይም በሳጥን ላይ ይዘረጋሉ። በዚያም ለሦስትና ለአራት ወራት ይደርቃሉ። ክብደታቸው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ስኳሩና ጣዕሙ ግን ይጠነክራል። የደረቀው ወይን ከዲሴምበር 1 (ከኅዳር 22) በፊት እንዳይጨመቅ ደንቡ ይከለክላል። እርጥበት በዝቶ ሻጋታ ከገባ የዓመቱ ልፋት ይበላሻልና አምራቹ ዘለላውን በየጊዜው ይፈትሻል።

ከዚህ የሚገኘው «አማሮኔ» ዝቅተኛው የአልኮል መጠኑ 14 በመቶ ሲሆን፣ 15ና 16 በመቶ መድረሱም የተለመደ ነው። ስሙ «መራራ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ከዚያው ከደረቀ ወይን ከሚሠራው ጣፋጩ «ሬቾቶ» ለመለየት። ከአማሮኔ የቀረው አተላም አይጣልም። ተራው የቫልፖሊቼላ ወይን ጠጅ በአተላው ላይ ይገለበጥና እንደገና ይፈላል፤ «ሪፓሶ» ይባላል። በአገራችን ቅራሪ የጠላ አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚቀጥን መጠጥ ነው። ሪፓሶ ግን በአተላው ላይ ወይን ጠጅ ስለሚጨመር ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

ደቡብ፦ ስም አልባ ሆኖ የኖረ ወይን

የደቡብ ጣሊያን ታሪክ ለእኛ አንባቢ ሳይቀርብ አይቀርም። የፑሊያና የሲቺሊያ ወይን ጠጅ በፀሐይ ብዛት ጠንካራና ጥቁር ቀይ ስለሚሆን፣ ለረጅም ዘመን በጅምላ እየተጫነ ወደ ሰሜን ጣሊያንና ወደ ፈረንሳይ ይላክ ነበር። በዚያም ደካማ ወይን ጠጆችን ለማጠንከር ይቀላቀልና በሌላ አገር ስም ይሸጣል። ድካሙ የደቡቡ አርሶ አደር፣ ስሙና ትርፉ የሌላው ነበር።

ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ይህ ተለውጧል። የፑሊያው ፕሪሚቲቮ ስሙ ቀድሞ ከመብሰሉ የመጣ ነው፤ በዘረመል ምርመራ በካሊፎርኒያ ዚንፋንዴል ከሚባለው ጋር አንድ ዝርያ መሆኑ ተረጋግጧል። ዛሬ በማንዱሪያ ስም በራሱ ጠርሙስ ይሸጣል። የሲቺሊያው ኔሮ ዳቮላም ስሙን በጠርሙስ ላይ ለማየት በቅቷል። በካምፓኒያ ክልል አሊያኒኮ ከተባለው ጠንካራ ዝርያ የሚጠመቀው ታውራዚ በ1993 የ«ዲ.ኦ.ሲ.ጂ.» ደረጃ አግኝቷል፤ ታኒኑ ከባሮሎ ጋር የሚነጻጸር በመሆኑ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆያል።

ከሁሉም የሚለየው ኤትና ነው። ዛሬም እሳት በሚተፋው በዚህ ተራራ ወገብ ላይ፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተካቡ እርከኖች ውስጥ ኔሬሎ ማስካሌዜ የተባለ ዝርያ ይለማል። አንዳንዱ ማሳ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1000 ሜትር ይደርሳል። ይህ ከፍታ ለእኛ ቆላ ነው፤ ለሲቺሊያ ግን ብርድ ያለበት ደጋ ነው። ከዚያ የሚገኘው ወይን ጠጅ እንደ ደቡብ አገር ከባድ ሳይሆን ፈዘዝ ያለና ቀልጣፋ ነው።

ለጎብኚው

በጣሊያን ሕግ የወይን ጉብኝት ከግብርና ሥራዎች አንዱ ተደርጎ ይታያል። አርሶ አደሩ በቤቱ እንግዳ የሚያሳድርበት «አግሪቱሪስሞ» በ1985 ሕግ ወጥቶለታል፤ የወይን ጠጅ ቅምሻና የማሳ ጉብኝትም በ2017 መጨረሻ በወጣ ሕግና በ2019 መመሪያ የራሱን ሥርዓት አግኝቷል። ስለዚህ ጎብኚው የሚገባው ወደ ሥራ ቦታ መሆኑን አይርሳ። አብዛኞቹ አነስተኛ አምራቾች ያለ ቀጠሮ እንግዳ አይቀበሉም። በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ አዝመራ የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሆነ፣ ማሳው ለማየት ያማረ ቢሆንም ባለቤቱ ጊዜ የለውም።

በቅምሻው ላይ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይመረጣል። ከዶልቼቶ ወደ ባርቤራ፣ ከባርቤራ ወደ ባሮሎ፤ አማሮኔ ካለ ደግሞ በመጨረሻ። አስቀድሞ መልኩን በነጭ ነገር ላይ ማየት፣ ብርጭቆውን በቀስታ አዙሮ ማሽተት፣ ከዚያ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ማንሸራሸር ነው። በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ መትፋት እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በጣሊያን በደም ውስጥ ከ0.5 ግራም በሊትር በላይ አልኮል ይዞ መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ደግሞ ምንም አይፈቀድም። በቀን ከሁለትና ሦስት ቦታ በላይ አለመያዝ፣ ሾፌርም አስቀድሞ ማዘጋጀት ብልህነት ነው።

ጥያቄ መጠየቅም አይፈራ። «ይህ ወይን ከየትኛው ማሳ ነው? ፊቱ ወደየት ነው? ከሄክታር ስንት ኩንታል ሰበሰባችሁ? በምን ዓይነት በርሜል፣ ስንት ጊዜ ቆየ?» የሚሉትን የጠየቀ እንግዳ «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ከሚለው ይልቅ ይከበራል። የአየር ሁኔታውንም ይጠይቅ። በ2023 በማዕከላዊና በደቡብ ጣሊያን ዝናብ በዝቶ ፔሮኖስፖራ የተባለው የፈንገስ በሽታ ወይኑን ክፉኛ በመጉዳቱ፣ ጣሊያን የዓለም ቀዳሚ የወይን ጠጅ አምራችነቷን በዚያ ዓመት ለፈረንሳይ ለቃለች። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዓመት የዚያን ዓመት ዝናብና ፀሐይ የያዘ ነው።

ለእኛስ?

በአገራችን በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ባለማው ማሳ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የተባሉት ዝርያዎች ይመረታሉ፤ ወይን ጠጁም «ሪፍት ቫሊ» ማለትም ስምጥ ሸለቆ በሚል የቦታ ስም ለገበያ ቀርቧል። ይሁንና የጣሊያኖቹ ታሪክ በይበልጥ የሚያስታውሰን ቡናችንን ነው። ኢትዮጵያ በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቷ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተፈጠረው ውዝግብ በኋላም በ2007 ስምምነት ላይ መደረሱ ይታወሳል። ጥያቄው ያው የደቡብ ጣሊያኑ አርሶ አደር ጥያቄ ነበር፤ ድካሙ የእኔ ከሆነ ስሙስ የማን ነው የሚል።

የባርቤራና የብሩኔሎ ታሪክ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ያሳያል። ስምን በሕግ ማስመዝገብ መጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚጠብቀው ያልበሰለውን ከበሰለው ጋር አልቀላቅልም የሚል ለቃሚ፣ የሌላ ወረዳ ምርት በእኔ አገር ስም አልሸጥም የሚል ነጋዴ፣ ጥቂቶች ሲያጠፉ ዝም የማይል ማኅበር ነው። በ1986 ጥቂቶች በአንድ ወር ያጠፉትን ስም ብዙኃኑ መልሰው ለመገንባት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ወደ ጣሊያን የሚጓዝ አንባቢያችን እንግዲህ በቅምሻው ጠረጴዛ ላይ «ሞንቴፑልቻኖ» የሚል ጠርሙስ ሲቀርብለት «ከተማዋ ናት ወይስ ዝርያው?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ ማሳውን ይመልከት።